የመጽሐፉ ሰው ተዝካር

ልብ ወለድ የማነበው ከመጨረሻው ገጽ ጀምሬ ነው። የእህቶቼ ልጆች ይህን ባዩ ቁጥር ይስቁብኛል። "እንዲህማ ከሆነ ምኑን አነበቡት!" ይሉኛል። ይሳቁ። የሚያሳዝናቸው ደግሞ የማነበው ሁሉ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው፦ እንግሊዞች ከፈረንሳዮች ጋር ይዋጉ በነበረበት በዚያ በድሮው ዘመን፣ ጓንት ያጠለቁ ሴቶችና አንገታቸውን በነጭ ጨርቅ የጠመጠሙ ወንዶች የሚተያዩበት ታሪክ። አይሰለቸኝም። ምግብ ምድጃ ላይ ጥጄ ያሳረረብኝ ሌላ ነገር የለም።

አሁን ደግሞ እነዚያኑ የቆዩ ታሪኮች ወደ ዛሬ የሚያመጡ ጸሐፊዎች በዝተዋል። የባላባቱ ልጅ የባንክ ሠራተኛ ትሆናለች፣ ሠረገላው ታክሲ ይሆናል፣ በፈረስ ይላክ የነበረው ወሬ በስልክ ይደርሳል። ይህን እንደ ድፍረት የሚያዩ ሰዎች አሉ። እኔ ግን ደስ እያለኝ ነው የማነበው፤ ሥራውን አውቀዋለሁና። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ ገና የተማሪ ቀሚስ ለብሼ ስመላለስ፣ አንድ ሙሉ ልብ ወለድ ከእንግሊዝ አገር አንሥቼ የካ ላይ አስቀምጬ ነበር። ያንን ያደረግሁት ለአንዲት ሴት ብዬ ነው። የመጨረሻውን ገጽ አስቀድሜ እንዳነብ ያደረገችኝም እሷው ናት።

ቤታችን የእንጦጦ ዳገት ከሚጀምርበት ላይ ነበር። ከአጥራችን ጀርባ ባሕር ዛፉ ይጀምርና ሽቅብ እስከ ተራራው አናት ይሄዳል። ነፋስ ሲነሣ ግንዶቹ እየተፋተጉ ሲጥ ሲጥ ይላሉ። ክረምት ላይ ጉሙ ከላይ ይወርድና አጥሩን አልፎ ደጃችን ድረስ ይመጣል። ያኔ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ኮቴያቸው ይሰማል እንጂ ራሳቸው አይታዩም። ያንን ኮቴ ከሁላችን አብልጣ የምታዳምጠው የአባቴ ታናሽ እህት ነበረች።

እቴቴ ነበር የምንላት። አባዬን አንቱ እያልን እሷን ግን አንቺ እንላት ነበር፤ ሽበት ጣል ጣል ቢያደርግባትም ትዳር ስላልያዘች በሰው ዓይን ገና ልጅ ነበረች። ጣልያን ሊገባ ሰሞን ለአንድ ወጣት ታጭታ ነበር። ሽማግሌ ተልኮ፣ ዘር ተቆጥሮ፣ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሁን ተብሎ ነበር። ልጁ ጠመንጃውን ይዞ በእንጦጦ በኩል ወጣ፤ መውጣቱ ያ ሆነ። ሬሳውን ያየ የለም፣ መቃብሩን የሚያውቅ የለም። ጣልያን ከተባረረ በኋላ ቤተሰቦቹ ተስፋ ቆርጠው ተዝካሩን አወጡ። እቴቴ አልሄደችም። "መሞቱን በዓይኑ ያየ አለ?" ብላ ጠይቃቸው መልስ የሰጣት አልነበረም ይባላል። ጥቁር አልለበሰችም። እጮኛ እንጂ ሚስት ስላልነበረች ልበሺ ያላትም ሰው አልነበረም።

አንድ ልማድ ነበራት። አመሻሹ ላይ የግቢያችን በር ከመዘጋቱ በፊት ወጥታ የእንጦጦውን መንገድ ሽቅብ ታየዋለች። አይታ ስትገባ ከእኛ አንዱ ሄዶ መወርወሪያውን ያስገባል፤ እሷ በእጇ አስገብታው አታውቅም። አንድ ቀን ዝናብ ይዞኝ ቸኩዬ ብዘጋው፣ ምንም ሳትናገር በዝናቡ ወጣች፣ ከፈተች፣ መንገዱን አየች፣ ክፍቱን ትታው ገባች። እኛ ልጆቹ ያንን በር እንፈራው ነበር። ሰው ይገባበታል ብለን ነው የፈራነው፤ ማን እንደሆነ ግን አንጠያየቅም።

መጽሐፉን ያዋሰችኝ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ናት፤ ከሳሪዋ ላይ የወንድ ካፖርት የምትደርብ፣ የአዲስ አበባን ብርድ ስትራገም የምትውል ህንዳዊት። ታሪኩ በኮረብታ ላይ ስላለ ትልቅ ቤትና እናት ስለሌላት ልጅ ነበር። የምትወደው ወጣት መኮንን ባሕር ተሻግሮ ለጦርነት ይሄዳል። አባቷ ሲሞት ቤቱ ለእሷ ሳይሆን ለአጎቷ ልጅ ይደርሳል፤ እሱም ቤቱንም ልጅቱንም አብሮ ሊጠቀልል ያስባል። በዚያ ላይ ሁሉም ሰው የልቡን ውጦ ስለ አየሩ ያወራል። እኔን የገዛኝ ያ መዋጥ ነው። የእኛ ቤት ሰዎችም እንደዚያው ነበሩ፤ ስለ ዝናቡ እያወሩ ልባቸው ሌላ ቦታ ነው።

እቴቴ ጥጥ ትፈትላለች፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ አነባለሁ።

"ምን አግኝተሽ ነው ጥርስሽ የማይከደነው?" አለችኝ አንድ ቀን። "እስቲ ለእኔም ንገሪኝ።"

እንደተጻፈው ልነግራት ሞከርኩ፤ አልሆነም። የአጎቷ ልጅ ሊያገባት ይፈልጋል ከሚለው ስደርስ እንዝርቷን አቆመች።

"የማን ልጅ?"

"የአጎቷ።"

"በስመ አብ! ሰባት ቤት ሳይቆጠር? ቄስ የላቸውም እንዴ?"

"አላቸው እቴቴ። የሚያጋባቸውም ቄሱ ነው።"

"እንግዲያው ቄስ የላቸውም" አለችና ፈትሏን ቀጠለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ የቤቱ ነገር ከነከናት። "ሴት ልጅ ካባቷ ርስት ትነቀላለች? እንዲህ ሊያደርጓት ነው በሠረገላ የሚያንሸራሽሯት!"

እንዲህ በየመስመሩ እየተሟገትን የትም እንደማንደርስ ሲገባኝ ታሪኩን ወደ እኛ ሰፈር አመጣሁት። የአጎቷን ልጅ ትቼ ርስቷን በሙግት ሊነጥቃት የሚፈልግ ባለጸጋ ጎረቤት አደረግሁላት። እንዲህ ያለውን ሰው እቴቴ በደንብ ታውቀዋለች፤ ገና ከመግባቱ ረገመችው። ወንድና ሴት እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚደንሱበትን ግብዣ የሠርግ ዳስ አደረግሁት። ሠረገላው በቅሎ ሆነ፣ ባሕሩ የአባይ በረሃ ሆነ። የመኮንኑን ቀይ ኮት አውልቄ ካኪ አለበስኩት፤ ከላዩ ካባ ደረብኩለት። የእኛ አገር ስምም አወጣሁለት። እንዲህ ደስ ብሎኝ የሠራሁት ሥራ እስከ ዛሬ የለኝም።

መኮንኑ ወደ ጦርነት የሚሄድበት ቀን ደረሰ። በየት በኩል ላውጣው? ሌላ መንገድ አላውቅም፤ በደጃችን በሚያልፈው፣ በእንጦጦ በኩል አወጣሁት። ልጅቱ በሩ ላይ ቆማ በባሕር ዛፉ መሀል እስኪጠፋ ድረስ ስታየው ተናገርኩ። እንዝርቱ ቆመ። ቀና ስል እቴቴ እኔን አይደለም የምታየው።

"ቀጥዪ" አለችኝ ቀስ ብላ። "ተለያዩ። ከዚያስ?"

ከዚያ በኋላ ሰውየው መጽሐፉ ውስጥ መቀመጥ እምቢ አለ። ቅጠል ልለቅም ወደ ጫካው ስወጣ ከኋላዬ የበቅሎ ኮቴ እሰማለሁ፤ ስዞር ማንም የለም። አንድ ጠዋት ጉሙ ውስጥ ከሁለት ዛፎች መሀል ካባ የለበሰ ሰው ቆሞ አየሁ። የተቆረጠ ግንድ ይሁን ሌላ ሰው ይሁን ቀርቤ አላጣራሁም፤ የለቀምኩትን በትኜ ቁልቁል ሮጥኩ። እኔው በገዛ አፌ ያመጣሁት ሰው መሆኑን እያወቅሁ እስከ አጥራችን ድረስ ወደ ኋላ አልዞርኩም። ለእቴቴ ነገርኳት። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር።

"ጺሙ አድጓል?" አለችኝ።

"እቴቴ፣ መጽሐፍ እኮ ነው!"

"እሱንማ አውቃለሁ" አለች። "ጺሙ አድጓል ወይ ነው ያልኩሽ።"

ያን ዕለት አመሻሽ በሩ ላይ ከወትሮው አብልጣ ቆየች።

ክረምቱ ሲወጣ ሽማግሌዎች መጡ። የላካቸው ሚስቱ የሞተችበት የጉርድ ሾላ ሰው ነው፤ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ሆኖ የሚሠራ፣ ጥቂት ላሞች ያሉት፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው። እቴቴን ሾላ ገበያ ጥጥ ስትመርጥ አይቷት ነው አሉ። ዘር ተቆጠረ፤ አይገናኙም። አባዬ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። የእቴቴ ዕድሜ እንደ ልጃገረድ በአባት ፈቃድ ብቻ የሚሰጥ ስላልሆነ ራሷ ትጠየቅ ተባለ። እሷም ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ፣ "የያዝኩትን መጽሐፍ ልጨርስና መልሱን እሰጣለሁ" አለች። ሽማግሌዎቹ ዳዊት የምትደግም መሰላቸው። ምን ያለች ጨዋ ናት እየተባባሉ፣ በወሩ ሊመለሱ ቀጥረው ሄዱ።

አባዬ ግን ዳዊት አለመሆኑን ያውቁ ነበር። በማግስቱ ጠሩኝና የክፍሉን በር ዘጉት።

"ያ ፈረንጅ" አሉኝ። "መጨረሻ ላይ ይመለሳል?"

"ይመለሳል አባዬ። ልጅቱ መስኮት ላይ ሆና…"

"አይመለስም።"

"መጽሐፉ ላይ እኮ…"

"ግደዪው!" አሉ። ድምፃቸው ስለከበደኝ ቀና ብዬ አየኋቸው። ዶሮ እንኳ ሲታረድ ፊታቸውን የሚያዞሩ ሰው ነበሩ። "በጥይትም ይሁን በንዳድ እንደፈለግሽ አድርጊው፣ ብቻ ሞቶ ይደር። እህቴ ናት። ቢመለስ እሷም መጠበቋን አትተውም። ነገ እኔ ባልኖር ማን ጋ ነው የምትቀረው? ከዚያ በር ጋር?" ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። አባቴ ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

እውነት ለመናገር ሁለቱንም ጠላኋቸው፤ አባዬንም፣ ሰውየውንም። ተመለሰ ብዬ ብነግራት በሩ ላይ ታረጃለች። ሞተ ብዬ ብዋሻት አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ ልገድልባት ነው። ደግሞም የሚያምር መመለስ ነበር። ልጅቱ ኮቴ ሰምታ የማን እንደሆነ ታውቀዋለች፣ ግን አትሮጥም፤ ያነጠፈችው ጨርቅ ላይ ያለውን መጨማደድ በእጇ ስትዳብስ ነው የሚገባው። ያንን ገጽ ስንት ጊዜ እየደጋገምኩ እንዳነበብኩት እኔ ነኝ የማውቀው። አሁን እንደ ሌባ ዕቃ ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ ዞርኩ።

ሽማግሌዎቹ ሊመለሱ ሲቃረቡ፣ ፀሐይ ጥሩ በወጣበት ቀን፣ እቴቴ ግቢው ውስጥ ቁርበት ላይ ተቀምጣ ስትፈትል ሄጄ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ምን እንደምል ገና አልቆረጥኩም ነበር። አፌን ስከፍት እጇን አነሣች።

"ቆይ" አለችኝ። "እስክጠይቅሽ እንዳትነግሪኝ። መጀመሪያ ይህን ንገሪኝ፤ ይህ ሰው ዕድሜው ስንት ነው?"

"ሃያ ስድስት ይላል።"

"መጽሐፉ ላይ አይደለም። ዛሬ።"

ጥያቄው አልገባኝም። ታሪኩ መቼ የሆነ ነው ብላ ደግማ ጠየቀችኝ። የዛሬ መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ብዬ ነገርኳት። እንዝርቷን ጭኗ ላይ አስተኛችው። ነፋስ መጣና ከአጥሩ ጀርባ ግንዶቹ ሲጥ አሉ፤ እሷ ግን ወደዚያ አልዞረችም።

"እንግዲያው ሞቷል" አለች። "ቢመለስም ሞቷል። ባይመለስም ሞቷል።"

"አዎ" አልኳት። ይህ ለእኔ ታይቶኝ አያውቅም ነበር። መጽሐፍ ውስጥ ያሉ ሰዎች እንደማይሞቱ ነበር የማስበው።

"ልጅቱም ሞታለች።"

"እሷም።"

ከዚያ እንደገና ፈትሏን አነሣችና፣ ስለ ገበያ እንደምታወራ ሁሉ፣ "ተዝካሩን ማን አወጣለት?" ብላ ጠየቀችኝ።

አባዬ ተዝካሩን እኛ እናውጣለት ማለቷን ሲሰሙ ሊያብዱ ነበር። "ፈረንጅ ነው እኮ! ያውም ያልነበረ ሰው! ምን ብለን ነው ለቄሱ የምንነግረው?" አሉ። እቴቴ አልተቆጣችም። "ያልነበረ ቢሆን ልጅዎ ኮቴውን አትሰማውም ነበር፣ ጋሼ" አለቻቸው። አባዬ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም የሰማሁትን ሰምቻለሁና መካድ አልቻልኩም። እህታቸውን ረጅም ሰዓት አዩዋት። መጨረሻ ላይ፣ "እሺ፤ ዳቦውን እኔ እሸከማለሁ" አሉ።

ጠላው ተጠመቀ፣ ዳቦው ተጋገረ፣ ተራራው ላይ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ሦስታችን በጠዋት ወጣን። እቴቴ ያንን መንገድ ስታየው ኖራለች እንጂ ስትሄድበት አይቻት አላውቅም። ቀስ ብላ፣ ግራና ቀኝ እያየች ነበር የምትወጣው። ጉም አልነበረም፣ ግን እኔ ከኋላችን አንድ ሰው የሚከተለን ይመስለኝ ነበር፤ እቴቴም ሁለት ጊዜ ዞር ብላለች። አባዬ ዳቦውን በትከሻቸው ይዘው እያለከለኩ ይወጣሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ደርሰን ለነዳያኑ የሚቆረሰው ለብቻ ተቀመጠ። ሽማግሌው ቄስ ፍትሐቱን ሊጀምሩ ሲሉ ወደ እቴቴ ዞሩ።

"የሟቹ የክርስትና ስም ማን ነው?"

ለፈረንጁ የክርስትና ስም ከየት ይምጣ? እኔ ያወጣሁለትን ስም ትናገራለች ብዬ፣ ቄሱም የማን ልጅ ነው ብለው ይጠይቃሉ ብዬ በሐፍረት ላብ አጠመቀኝ።

እቴቴ ቀና ብላ አንድ ስም ተናገረች። እኔ ያወጣሁት ስም አይደለም። ሰምቼው የማላውቅ፣ በቤታችን ውስጥ አንድ ቀን ተጠርቶ የማያውቅ ስም ነበር። አባዬ ግን አወቁት። ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዞሩ። ቄሱ ስሙን ደግመው ጮክ ብለው ጠሩትና ጸሎቱን ጀመሩ። እቴቴ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ድምፅ አውጥታ፣ ደረቷን እየመታች፣ እንደ ሚስት አለቀሰች። ነዳያኑም ማንን እንደምታለቅስ ሳያውቁ አብረዋት አለቀሱ። ያንን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ የሷ ነው።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ እንደ ወትሮው ወደ በሩ ሄደች። መንገዱን አየች። ከዚያ መወርወሪያውን በገዛ እጇ አስገባችው። ብረቱ ሲገባ የሰማሁት ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ሽማግሌዎቹ በቀጠሮአቸው ሲመጡ "መጽሐፉ አለቀ" አለቻቸው፤ ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። እኔ ከዚያ ወዲህ ጫካው ውስጥ ኮቴ ሰምቼ አላውቅም። መፍራቴ ቀርቶልኝ ደስ ሊለኝ ሲገባ ጫካው ባዶ ሆነብኝ፤ ቅጠል ስለቅም ቆም እያልኩ አዳምጥ ነበር። አሁንም መኪና እንጦጦ ካወጣኝ መስኮቱን ዝቅ አደርጋለሁ።

የሠርጉ ጠዋት ትንሽ ዳስ ተጥሎ፣ ሙሽራው መኪና ተከራይቶ መጣ። ሴቶቹ እቴቴን አልብሰው ሲጨርሱ እኔ ብቻ ቀርቼ ሌሎቹ ይውጡ አለች። ነጭ በነጭ ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እጇን ያዝኩ፤ ቀዝቅዟል። ውጭ እልልታው ቀልጧል።

"አሁን እጠይቅሻለሁ" አለችኝ። "ያ ሰውዬ። ተመለሰ?"

አባዬ በሩ ላይ ቆመው ያዩናል። ሰምተዋል። በዓይናቸው እንኳ አልጠቀሱኝም፤ አንገታቸውን ደፉ።

"ተመለሰ እቴቴ" አልኳት። "ጨርቁን በእጇ ስትዳብስ መጣ።"

ዓይኗን ጨፈነች። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየሁት ነገር ከንፈሯ ላይ መጣና ተመለሰ።

"እሰይ" አለች። "እሷ እንኳ ታግኘው።"

ከዚያ ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለችና ወጣች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ሽቅብ መንገዱን አላየችም።